የሚረጋ ዘይት ይዞ ወደ ሸኖ

ሐሙስ፣ ሌሊት 11፡30፤ ቦሌ

መኪናዋ የተነሣችው በናፍጣ ነው። ኋላ አታለለን የሚል አንባቢ እንዳይኖር ይህን አስቀድሜ እናገራለሁ። የቀዘቀዘ ሞተር በምግብ ዘይት አይነሣም። ዘይት ወፍራም ነው፤ መሞቅ አለበት። ስለዚህ መኪናዋ ሁለት ታንከር አላት። ትንሹ አሥር ሊትር ናፍጣ ይይዛል፤ ለማስነሣትና ለማጥፋት ብቻ ነው። ሌላው ሃያ ሊትር ነው፤ ሆቴልና ጠባሾች ተጠቅመው የሚጥሉት ዘይት ይገባበታል። በውስጡ የመዳብ ቱቦ ጠምጥሜ የራዲያተሩ ሙቅ ውሃ እንዲያልፍበት አድርጌአለሁ። ከሾፌሩ ወንበር ሥር አንድ እጀታ አለ። ወደ ላይ ሲሆን ናፍጣ፣ ወደ ታች ሲሆን ዘይት። ሞተሩ ከመጥፋቱ በፊት እጀታው ወደ ላይ ተመልሶ ሦስት ደቂቃ በናፍጣ መሥራት አለበት፤ አለበለዚያ ዘይቱ ፖምፓው ውስጥ ያድራል።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ የለም። ከስልክ ላይ እያየሁ፣ እያበላሸሁ፣ እንደገና እየፈታሁ ሰባት ወር ፈጀብኝ።

መኪናዋ የእናቴ ወንድም የጋሽ መኩሪያ ናት። አራት ቶን የምትጭን፣ ኮምፒውተር የሚባል ነገር ያልገባባት አሮጌ መኪና ነች፤ ለዚህም ነው ዘይት የምትቀበለው። ጋሼ ሠላሳ አንድ ዓመት ነድተዋል። በዚህ ሁለት ዓመት ግን ከመንዳት ይልቅ መሰለፍ ሆኗል ሥራቸው። በሳምንት ሁለት ቀን የናፍጣ ሰልፍ ላይ ይውላሉ፤ አንዳንዴም እዚያው ጋቢና ውስጥ ያድራሉ። ጉልበታቸው ከዚያ ወዲህ አልተስተካከለም። በመጨረሻ “ይሸጣል” የሚል ወረቀት በመስተዋቱ ላይ እንድለጥፍ አዘዙኝ። የእጅ ጽሑፌ ጥሩ ስለሆነ እኔው ጻፍኩት፤ በማሸጊያ ፕላስተር አራቱንም ጠርዝ አጥብቄ ለጠፍኩት። አንድ ገዢ ሁለት ጊዜ መጥቶ አይቷታል። ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት ውል ሊፈራረሙ ተቀጣጥረዋል።

እኔ የዚህች መኪና ረዳት፣ ጫኝና መካኒክ ነኝ። ከተሸጠች ሰባት ወር የለፋሁበት ነገርም አብሮ ይሄዳል። ማክሰኞ ዕለት እንደምንም አፌን ከፍቼ አንድ ጉዞ እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው። ጋሼ መልስ ሰጡኝ።

“ሐሙስ ሸኖ የሚሄድ ዕቃ አለ። ደርሰን እስክንመለስ አሥሩ ሊትር ከበቃን ወረቀቱን እቀደዋለሁ። መንገድ ላይ አንዲት ጠብታ ናፍጣ ከጨመርን ግን ቅዳሜ ትሄዳለች፤ ከዚያ ወዲያ እንዳታነሣብኝ።”

የጫንነው ሸኖ ለሚሠራ ትምህርት ቤት የተበየዱ የብረት በሮችና መስኮቶች ነው። ከኋላ አራት ቢጫ ጀሪካን ዘይት አለ። ሁሉም ላይ በወፍራም ማርከር “ጾም” ብዬ ጽፌአለሁ። “ፍስክ” የሚል የተጻፈባቸውን ሁለቱን ቤት ትቻቸዋለሁ። ይህ የራሴ አሠራር ነው። ዘይቱን የምሰበስበው ቦሌ መንገድ ላይ ካለ ሆቴል፣ ኦሎምፒያ ካለ ካፌና ላምበረት አካባቢ ፓስቲ ከሚጠብሱ ሴቶች ነው። በፍስክ ሰሞን ወጥ ቤቶች ቅቤውንም ሞራውንም ይቀላቅሉበታል፤ እሱ ደግሞ ብርድ ሲነካው ይረጋል። በጾም ከተክል የተጨመቀ ዘይት ብቻ ነው የሚገባው። አሁን የነቢያት ጾም ነው፤ ስለዚህ ንጹሕ ዘይት አለኝ ማለት ነው። ዘጠኝ ቀን አስቀምጬ አጥልዬዋለሁ፤ በድርብ አቡጀዲ አጥርቼዋለሁ። የጋለ መጥበሻ ላይ ጠብ አድርጌ ካልተንጣጣ ውሃ የለበትም እላለሁ። አንዱም አልተንጣጣም።

በዚህ አሠራሬ እኮራ ነበር።

12፡15፤ መገናኛ

የሙቀት መርፌው መሐል ላይ ሲደርስ እጀታውን ወደ ታች አደረግሁት። የሞተሩ ድምፅ ትንሽ ለሰስ አለ እንጂ ሌላ ለውጥ የለም። ለውጡ ከጭስ ማውጫው ነው። መብራት ይዞን ቆመን ሳለ ከጎናችን ካለው ሚኒባስ ወያላው አንገቱን አውጥቶ ማሽተት ጀመረ። ሳምቡሳ የጫነው ማነው ብሎ ጠየቀ። ከዚያ መስተዋቱ ላይ ያለውን ወረቀት አይቶ፣ የሚሸጠው መኪናው ነው ወይስ ሳምቡሳው ሲል ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ።

ጋሼ አልሳቁም። ጾመኛ ናቸው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። “እኔን ሊፈትነኝ ነው እንዴ ይሄ ነገር?” አሉ መስኮቱን እየዘጉ። ጭሱ ግን በወለሉ ቀዳዳ መግባቱን አልተወም።

12፡40፤ ላምበረት

ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚወጡት አውቶቡሶች እየሞሉ ነው። ቆሎና ውሃ የሚሸጡ በየመስኮቱ ይሮጣሉ። ከመናኸሪያው አለፍ ብሎ ካለው ማደያ ጀምሮ የጭነት መኪኖች አንዱ የአንዱን ጭራ ይዞ ተሰልፏል። ሾፌሮቹ ጋቢ ተከናንበው መሪው ላይ ተደፍተዋል።

ጋሼ ፍጥነት ቀነሱ። እግራቸው ለምዶባቸው ነው። አንድ የሚያውቃቸው ሾፌር ቀና ብሎ ተራ ይያዙ እንጂ አላቸው። ጋሼ በእጃቸው ሰላም ብለውት አለፉ። የሰልፉ መጨረሻ እስኪደርስ አንገታቸውን ወደ ቀኝ እንዳዞሩ ነበር። ከዚያ ማርሽ ቀየሩ።

1፡50፤ ሰንዳፋ

ኮተቤንና ካራን አልፈን ለገጣፎ ስንደርስ ፀሐይ ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለው ሜዳ ነጭ ነው፤ ውርጭ ወርዶበታል። የታጨደ ጤፍ ተከምሯል። አህዮች ጭድ ተሸክመው በአስፋልቱ ጠርዝ ይሄዳሉ፤ ከአፍንጫቸው እንፋሎት ይወጣል።

ሰንዳፋ መንገድ ዳር ቆመን ዘይት ጨመርኩ። ጠዋት ታንከሩን የሞላሁት የቦሌው ሆቴል በሰጠኝ ዘይት ነው፤ እሱም ግማሽ ድረስ ወርዷል። ቀጥሎ የመጣልኝ ጀሪካን የላምበረት ሴቶች ዘይት ነበር። ሲቀዳ ዘገየ። ወፍራም ነው፤ ውስጡም ነጭ ጉም የመሰለ ነገር አለበት። በደብተሬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ “ወፍራም፣ ጉም አለው። የፓስቲ ዱቄት?”

ጋሼ ከመስኮት አይተው አልወፈረም ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከብርዱ ነው አልኳቸው። ትክክል ብያለሁ፤ ምን እንዳልኩ ግን አላወቅሁም። የጥያቄ ምልክቷን ደብተር ላይ ትቼ መንገድ ቀጠልን።

2፡45፤ አለልቱ

አለልቱ መግቢያ ላይ ፍተሻ አለ። መኪናው ብዙ ስለነበር ሞተር አጥፍተን እንድንጠብቅ ታዘዝን። እጀታውን ወደ ላይ መልሼ ሦስት ደቂቃ በናፍጣ ካሠራሁ በኋላ ጋሼ አጠፏት። ሠላሳ አምስት ደቂቃ ቆምን። ነፋሱ ከምሥራቅ ነው የሚመጣው፤ ሸራውን ያራግበዋል። ፈታሾቹ የብረት በሮቹን ቆጥረው፣ ጀሪካኖቹን አሽትተው፣ እየሳቁ አሳለፉን።

በናፍጣ ተነሣን። አምስት ደቂቃ ሄደን እጀታውን ወደ ታች አደረግሁ። አራት መቶ ሜትር ያህል እንደሄድን መኪናዋ አሳላት። ጋሼ ነዳጅ ረገጡ። እንደገና አሳላት፤ ዳገቱ መሐል ላይ ቀጥ አለች።

ጋሼ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ። እኔ ወርጄ ከኋላ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አደረግሁ፤ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰብሬ ከኋላና ከፊት አስፋልቱ ላይ አስቀመጥኩ። ከዚያ ትንሹን ታንከር በእንጨት ለካሁት። ስድስት ሊትር። ከቆምንበት እስከ ሸኖ ሃያ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ መኪናዋ ተጭና ዳገት በአንድ ሊትር አራት ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። በናፍጣ ብንቀጥል በትክክል ሸኖ እንደርሳለን፤ መመለሻ ግን አይኖረንም።

ይህን እያሰላሁ ሳለ ከሸኖ በኩል ቁልቁል ይመጣ የነበረ አንድ የጭነት መኪና ቆመ። ሾፌሩ ወርቁ ይባላል፤ ከጋሼ ጋር ብዙ ሰልፍ አብሮ ያሳለፈ ሰው ነው። የሆነውን ጠየቀና ሳይጨርሱለት ከወንበሩ ጀርባ ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አወጣ። ናፍጣ ነው። ይህን ጨምሩና ሂዱ፤ ነገ ትመልሱልኛላችሁ አለ።

ጋሼ አስፋልቱን እያዩ፣ “መኪናዋ የእኔ ናት፤ የዛሬው መንገድ ግን የእሱ ነው። እሱን ጠይቀው” አሉት።

ወርቁ ወደ እኔ ዞረ። እግዜር ይስጥልን፣ አንወስድም አልኩት።

“ብርድ ላይ ልታስቀምጣቸው?”

“ችግሩ የናፍጣ አይደለም። የት እንደሆነ ላገኘው ነው።”

ወርቁ ጀሪካኑን መለሰው። “ዘይት ከለመደች ሽንኩርትም ክተፉላት እንግዲህ” ብሎ ጋቢናው ውስጥ ገባ። ጋሼ ያኔ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቁት።

3፡45፤ እዚያው ዳገት ላይ

የዘይቱን ፊልትሮ ዳሰስኩት፤ ሞቅ ያለ ነው። ታንከሩንም ዳሰስኩት፤ ሞቅ ያለ ነው። በሁለቱ መሐል በሻንሲው ሥር የሚያልፍ ሁለት ሜትር ተኩል ቱቦ አለ። እሱ በረዶ ነው። ፈታሁት፤ ምንም አልወጣም። ሽቦ ስገፋበት እንደ ጧፍ ድፍን ያለ ነጭ ነገር ወጥቶ መዳፌ ላይ ወደቀ።

መዳፌን እያየሁ ተናደድኩ። ሞራ ነው። በጾም ሞራ ከየት መጣ? የላምበረት ሴቶች ከሥጋ ቤት የወሰዱትን ስብ ቀላቅለው ሰጥተውኛል ብዬ ወሰንኩ። በልቤ አንድ በአንድ እየጠራሁ ወቀስኳቸው።

ከዳገቱ ራስ ላይ በላስቲክ የተሸፈነች አንዲት ትንሽ ጎጆ አለች። አዴ ጫልቱ የሚባሉ፣ ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ሻይና ፓስቲ ይሸጡባታል። መንገደኛ ቆሞ ከሚበላው በቀር በጾም ሰሞን ለገበያተኛም ይጠብሳሉ። ሙቅ ውሃ ልለምናቸው ሄጄ፣ ለምን እንደፈለግሁት ለማስረዳት መዳፌን አሳየኋቸው። በሁለት ጣታቸው ወስደው ፈተጉት፤ አሸተቱት።

“የሚረጋ ዘይት ነው” አሉ።

“አይ እናቴ፣ የጾም ነው። ሞራ ቀላቅለውበት ነው እንጂ አይረጋም ነበር።”

“ሞራ ነው አልኩህ እንዴ? የሚረጋ ዘይት ነው ነው ያልኩህ። እኔስ በጾም የምጠብሰው በምን መሰለህ?” እሳቱ ዳር የተቀመጠውን ቢጫ ጀሪካን በእግራቸው ጠቆሙኝ። “ይኸው። ከዛፍ ነው የሚወጣው ይላሉ። በዚህ ብርድ እሳት ካላስጠጋሁት አይቀዳልኝም።”

እኔም እኮ የጾም የሆነውን ለይቼ ነው የሰበሰብኩት አልኳቸው። ድምፄ የሕፃን ሆኖ ለራሴም ተሰማኝ።

“መጾምማ የሰው ነው፣ ልጄ” አሉ። “ዘይቱ መቼ ይጾማል?”

አንባቢ ሆይ፣ የሚረጋ ዘይት ምን እንደሆነ አዲስ አበባ ውስጥ የማያውቅ የለም። እናቴ ለሱ ከሸማቾች ሱቅ ፊት ስንት ቀን ተሰልፋለች። ኅዳር ላይ ጠርሙሱን ፀሐይ ላይ አውጥተን እናቀልጠው ነበር። በልጅነቴ ያንን ጠርሙስ እየጠበቅሁ ውዬ አውቃለሁ። በአእምሮዬ ግን ያ ዘይት አንድ ክፍል ውስጥ፣ ሞተሩ ሌላ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሰባት ወር ሙሉ ዘይቱን በብርድ መመርመር ሲገባኝ የጾም ቀን ስቆጥር ከርሜአለሁ። አቡጀዲውም መጥበሻውም ይህን አይነግሩኝም፤ ሁለቱም የሠሩት ሙቅ ቤት ውስጥ ነው። የላምበረት ሴቶች ምንም አልቀላቀሉም።

አዴ ጫልቱ አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ሙቅ ውሃ ሰጡኝ። ቱቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ ውሃውን ቀስ እያልኩ ሳፈስበት ነጩ ቀለጠና እንደ ሻይ ቀልቶ ወረደ። ያ ግን ለአሁን ብቻ ነው። ሸኖ ከዚህ ይበርዳል፤ እዚያ ደግሞ ሦስት ሰዓት እንቆማለን። ቱቦው ራሱ መሞቅ አለበት።

የራዲያተሩ ሙቅ ውሃ ከዘይት ታንከሩ ሲመለስ በግራ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የዘይቱ ቱቦ በቀኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ማሰር አለብኝ። የውሃውን ጎማ ወደ ቀኝ ስስበው አጠረ። ስለዚህ የዘይቱን ቱቦ ከማሰሪያዎቹ ሁሉ ፈትቼ ወደ ግራ አሻገርኩት። ማሰሪያዎቹ ሰባት ናቸው፤ ሁለቱ ዝገው ተሰበሩ።

ስድስተኛው ላይ ሳለሁ ከጎኔ የሚንቋቋ ነገር ሰማሁ። ጋሼ ናቸው፤ በዚያ ጉልበታቸው ጆንያ አንጥፈው ከመኪናዋ ሥር ገብተዋል። ሁለቱን ቱቦ አንድ ላይ ጨምቀው ያዙልኝ። እኔ አሮጌ የጎማ ላስቲክ በቀጭኑ ቆርጬ፣ ክር እንደሚጠመጠም ከጫፍ እስከ ጫፍ ጠመጠምኩ። በላዩ የአዴ ጫልቱን የጤፍ ጆንያ አለበስኩት፤ በላዩ ደግሞ ላስቲክ።

ጋሼ ተንጋለው ሳለ ወጣት እያሉ ብርድ አገር ሲያድሩ ጠዋት ከሞተሩ ሥር ከሰል ያነዱ እንደነበር ነገሩኝ። “ያኔም አብደዋል ይሉን ነበር” አሉ። ይህን ሲያወሩ ጎማውን አልለቀቁም።

አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ወሰደብን። የፈሰሰውን የራዲያተር ውሃ ተካን። አዴ ጫልቱ በዘጠኝ ሰዓት ትበላላችሁ ብለው አራት ፓስቲ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን። ከመነሣታችን በፊት ማርከሬን አውጥቼ አንዱ ጀሪካን ላይ ያለውን “ጾም” ሠረዝኩና “የሚረጋ” ብዬ ጻፍኩበት። እሳቸው ቆመው እያዩኝ ነበር። ማንበብ ባይችሉም ምን እንደጻፍኩ አልጠየቁኝም።

6፡30፤ ሸኖ

በዚህ ጊዜ ሳንቸኩል አሥር ደቂቃ በናፍጣ ሄድን። ከዚያ እጀታውን ወደ ታች። አራት መቶ ሜትር አለፈ። አንድ ኪሎ ሜትር አለፈ። ጋሼ መንገዱን፣ እኔ የሙቀት መርፌውን እያየን ሸኖ ገባን።

ሸኖ ስሟ የወጣው በለጋ ቅቤዋ ነው። ጾም ስለሆነ ገበያው ቀዝቅዟል፤ ያም ሆኖ ጥቂት ሴቶች ለገና የሚያስቀምጥ ገዢ ይጠብቃሉ። ቅቤው በኮባ ተጠቅልሎ ጥላ ውስጥ ተደርድሯል፤ ድንጋይ መስሏል። ጋሼ ቆም ብለው አዩትና፣ “ከቱቦው ያወጣኸውን እዚህ ብታመጣው ገዢ አታጣም ነበር” አሉኝ።

በሮቹን አወረድን። ለመልስ ጉዞ ኮተቤ ላሞች ላሏት ሴት የሚደርስ ድርቆሽ ጫንን። ሥራው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ፈጀ። ጋሼ በዘጠኝ ሰዓት ድርቆሹ ላይ ተቀምጠው አማተቡና ፓስቲያቸውን በሉ። እኔ በየግማሽ ሰዓቱ ከመኪናዋ ሥር እየገባሁ ጆንያውን እዳስስ ነበር። ሲቀዘቅዝ ይሰማኛል። ትክክለኛው ፈተና ይህ እንደሆነ አውቄአለሁ፤ ሞተሩ ሲሞቅ የረጋው መልሶ ካልቀለጠ ሁሉም ነገር እዚህ ያበቃል።

ተነሣን። በናፍጣ ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ኪሎ ሜትር። መርፌው መሐል ላይ ደረሰ። እጄን ወደ እጀታው ስሰድ ጋሼ ቀደሙኝና ራሳቸው ወደ ታች አደረጉት። እስከዚያች ቀን ነክተውት አያውቁም።

ሞተሩ ለሰስ አለ። ከዚያ የፓስቲ ሽታ መጣ።

11፡40፤ ላምበረት

ድርቆሹን ኮተቤ አውርደን ስንወርድ ሰልፉ ከጠዋቱ ረዝሞ አገኘነው። ወርቁ ከመጨረሻዎቹ አንዱ ነው። ጋሼ ከጎኑ አቆሙ፤ ሞተር ግን አላጠፉም። ምን ያህል ጨመራችሁ ብሎ ጠየቃቸው።

“ውሃ ብቻ” አሉት።

ወርቁ ጭሱን አሸተተ፤ ምንም ቀልድ አልመጣለትም።

12፡25፤ ቦሌ

ሦስቱን ደቂቃ በናፍጣ ካሠራሁ በኋላ ጋሼ መኪናዋን አጠፏት። ትንሹን ታንከር በእንጨት ለካሁ። ከአንድ ሊትር ትንሽ ያነሰ ቀርቷል። እንጨቱን ለጋሼ አሳየኋቸው። ወደ መብራት አስጠግተው እርጥቡን አዩና መለሱልኝ። ከዚያ ወደ መኪናዋ ፊት ሄዱ።

“ይሸጣል” የሚለውን ወረቀት ከጥጉ ይዘው ሳቡት። ግማሹ ተቀደደ፤ “ጣል” የሚለው መስተዋቱ ላይ ቀረ። በጥፍራቸው ፋቁት። ያ ፕላስተር እኔ የለጠፍኩት ነው፤ አይለቅም።

“ዘይትህን አምጣ እስቲ” አሉኝ።

“የቱን ጋሼ? የሚረጋውን ወይስ ፈሳሹን?”

“ሙጫ ላስለቅቅ ነው እንጂ ደሴ ልሄድበት ነው?”

እጄ የገባውን አመጣሁ። ጨርቅ ነክረው መስተዋቱን ማሸት ጀመሩ፤ ቀስ እያሉ፣ በክብ። ወረቀቱ ረጥቦ ወረደ፤ ሙጫው ተከተለው። ከእኛ በስተጀርባ አንድ አውሮፕላን ዝቅ ብሎ እስኪያልፍ ጠበቁና ሳይዞሩ ጠየቁኝ።

“ቅዳሜ ላምበረት ከሴቶቹ ዘይት የምትቀበለው በስንት ሰዓት ነው?”

“በሁለት ሰዓት።”

“እኔ አደርስሃለሁ” አሉ፤ ማሸታቸውን ቀጠሉ።